ቪልሄልም ሮንትገን፦ የራጅን ምስል ለዓለም ከማሳወቃቸው በፊት የፈተኑት ሊቅ

በ1888 ዓ.ም. በአራት ወራት ልዩነት ሁለት ታላላቅ ክንውኖች ተፈጽመዋል። ጥቅምት 29 ቀን በጀርመን አገር በቩርዝቡርግ ከተማ አንድ የፊዚክስ ፕሮፌሰር በቤተ ሙከራቸው ውስጥ በዓይን የማይታይ አዲስ ጨረር አገኙ። የካቲት 23 ቀን ደግሞ የኢትዮጵያ ሠራዊት በዐድዋ በወራሪው የጣሊያን ጦር ላይ ድል ተቀዳጀ። ሁለቱ ክንውኖች ብዙም ሳይቆዩ ተገናኝተዋል። በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. በሜይ ወር 1896 በኔፕልስ ወታደራዊ ሆስፒታል ያገለግል የነበረው ሌተናል ኮሎኔል ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ሐኪም በኢትዮጵያ ዘመቻ ክንዳቸውን ቆስለው የተመለሱ ሁለት ወታደሮችን በአዲሱ ጨረር በማንሳት በሥጋቸው ውስጥ የቀረው ጥይት ያለበትን ሥፍራ ለይቷል። ይህም ራጅ ለጦር ቁስለኞች ሕክምና የዋለበት የመጀመሪያው አጋጣሚ ሆኖ በሕክምና ታሪክ ተመዝግቧል።

ጨረሩን ያገኙት ምሁር ቪልሄልም ኮንራድ ሮንትገን ይባላሉ። በዛሬው ጊዜ ከታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ከአርብ ገበያ ተነስቶ ለጥርስና ለመንጋጋ ሕመም ወደ ደብረ ታቦር ወይም ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ታካሚ ራጅ እንዲነሳ በታዘዘ ቁጥር የእኚህ ሰው የሥራ ውጤት ተጠቃሚ ይሆናል። ታካሚው የሚነሳው ራጅ ሁለቱን መንጋጋዎችና ጥርሶችን ሁሉ በአንድ ምስል የሚያሳየው ፓኖራሚክ ራጅ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ሊመልሰው የሚገባ አንድ ጥያቄ አለ። ይኸውም ምስሉ ምን ያህል ጥቃቅን ነገሮችን ለይቶ ያሳያል የሚለው ነው። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። ሮንትገን ግኝታቸውን ለዓለም ከማሳወቃቸው አስቀድሞ ለሰባት ሳምንታት የደከሙበት ጉዳይ ጨረሩ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደማያሳይ በፈተና ለይቶ ማወቅ ነበር።

ሮንትገን የተወለዱት እ.ኤ.አ. ማርች 27 ቀን 1845 ሌኔፕ በተባለች የጀርመን ከተማ ነው። አባታቸው የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ ሲሆኑ፣ ቪልሄልም ለወላጆቻቸው ብቸኛ ልጅ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሦስት ዓመት ሲሆን ቤተሰቡ ወደ ሆላንድ ተዛውሮ አፔልዶርን በተባለ ሥፍራ ኑሮውን መሠረተ። በልጅነታቸው በትምህርት ጎልተው የሚታዩ ባይሆኑም በእጅ ሥራና መሣሪያዎችን በመሥራት ረገድ ልዩ ዝንባሌ እንደነበራቸው የሕይወት ታሪካቸው ያስረዳል።

በዩትሬክት ከተማ በቴክኒክ ትምህርት ቤት ይማሩ በነበረበት ወቅት የሕይወታቸውን አቅጣጫ የለወጠ አንድ ችግር ደረሰባቸው። አንድ ተማሪ የመምህሩን መልክ በማጋነን የሚያስቅ ሥዕል ይሥላል። ሮንትገን ሥዕሉን የሣለውን ጓደኛቸውን ስም እንዲያጋልጡ ሲጠየቁ እምቢ በማለታቸው ከትምህርት ቤቱ ተባረሩ። በዚህም የተነሳ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት የሚያበቃውን የምስክር ወረቀት ሳያገኙ ቀሩ። ይሁን እንጂ በስዊዘርላንድ የዙሪክ ፖሊቴክኒክ ይህን ወረቀት ያልያዙ ተማሪዎችንም ይቀበል ስለነበር እ.ኤ.አ. በ1865 ገብተው የሜካኒካል ምህንድስና አጠኑ። እ.ኤ.አ. በ1869 ከዙሪክ ዩኒቨርሲቲ በጋዞች ጥናት የዶክትሬት ዲግሪ ተቀበሉ።

በዙሪክ ቆይታቸው አውጉስት ኩንት ከተባሉት የፊዚክስ መምህር ጋር መተዋወቃቸው ከምህንድስና ወደ ሙከራዊ ፊዚክስ እንዲያዘነብሉ አድርጓቸዋል። የኩንት ረዳት ሆነውም ወደ ቩርዝቡርግ አመሩ። ነገር ግን የቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ ያ ጎደሎ የምስክር ወረቀት ሰበብ ሆኖበት የመምህርነት ማዕረግ ሊሰጣቸው ፈቃደኛ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ1872 ከመምህራቸው ጋር ወደ ስትራስቡርግ ተሻግረው ማዕረጉን በዚያ አገኙ። በዚሁ ዓመት ከአና ቤርታ ሉድቪግ ጋር ጋብቻ መሠረቱ። ባልና ሚስቱ ልጅ ስላልወለዱ የወይዘሮ ቤርታን የወንድም ልጅ እንደ ልጃቸው አድርገው አሳድገዋል።

ሮንትገን በሆሄንሃይም፣ በስትራስቡርግና በጊሰን በመምህርነት ካገለገሉ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1888 ቀድሞ ማዕረግ የነፈጋቸው የቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ በፕሮፌሰርነት ጠራቸው። እ.ኤ.አ. በ1894 ደግሞ የዚያው ዩኒቨርሲቲ ርዕሰ መምህር ሆነው ተመረጡ። ወረቀቱ ያልመሰከረላቸውን ችሎታ ሥራቸው መስክሮላቸዋል።

ግኝቱ የተፈጸመበት ዕለት ዓርብ ነበር። ሮንትገን አየሩ በእጅጉ በተመናመነበት የመስታወት ቱቦ ውስጥ የኤሌክትሪክ ኃይል በማሳለፍ ሙከራ ያደርጉ ነበር። ቱቦውን በጥቁር ካርቶን ሸፍነው ክፍሉን ካጨለሙት በኋላ ራቅ ብሎ የተቀመጠና የባሪየም ውሕድ የተቀባ ወረቀት ሲያበራ ተመለከቱ። ከቱቦው የሚወጣ ብርሃን ካርቶኑን ዘልቆ ሊያልፍ እንደማይችል ያውቁ ስለነበር የማይታወቅ ጨረር መኖሩን ተረዱ። ለማይታወቅ ነገር በሒሳብ እንደተለመደው ጨረሩን ኤክስ ብለው ሰየሙት።

ሮንትገን ወዲያውኑ ዜናውን አላወጁም። ለሰባት ሳምንታት ያህል በቤተ ሙከራቸው ውስጥ እየዋሉና እያደሩ፣ ምግባቸውንም በዚያው እየተመገቡ፣ ጨረሩን በየዓይነቱ ነገር ላይ ፈተኑት። 1 ሺህ ገደማ ገጾች ያሉትን መጽሐፍ ጨረሩ ዘልቆ ሲያልፍ፣ 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው እርሳስ ግን ሊያግደው መቻሉን አረጋገጡ። በተዘጋ የእንጨት ሣጥን ውስጥ የተቀመጡ የሚዛን ድንጋዮችን በፎቶግራፍ አነሱ። የአንድ ብረት ቁራጭ ውስጠኛ ክፍል ወጥ አለመሆኑም በምስሉ ታየ። ታኅሣሥ 13 ቀን 1888 ዓ.ም. የባለቤታቸውን እጅ በፎቶግራፍ ሰሌዳ ላይ አሳርፈው ለ15 ደቂቃ ያህል ጨረሩን ለቀቁበት። የእጁ አጥንቶችና የጣት ቀለበቱ ተለይተው ታዩ። ከስድስት ቀናት በኋላም የምርምር ጽሑፋቸውን ለቩርዝቡርግ የፊዚክስና የሕክምና ማኅበር አቀረቡ።

በዚያ የመጀመሪያ ጽሑፍ ውስጥ ለዛሬው የራጅ ምስል ጥራት ምዘና መሠረት የሆነ አንድ ቁም ነገር ይገኛል። ሮንትገን ጨረሩን እንደ ብርሃን በሌንስ ለመሰብሰብ ሞክረው አልተሳካላቸውም። ጨረሩ በሌንስ የማይሰበሰብ ከሆነ የራጅ ምስል በካሜራ እንደሚነሳ ፎቶግራፍ ሳይሆን የጥላ ምስል ነው ማለት ነው። የጥላ ጥራት ደግሞ የራሱ ሕግ አለው። በኩራዝ ብርሃን ፊት እጁን የዘረጋ ሰው እጁን ወደ ግድግዳው ሲያስጠጋ የጥላው ጠርዝ ይጠራል፤ እጁን ከግድግዳው ሲያርቅ ጥላው ይተልቃል፤ ጠርዙም ይደበዝዛል። የብርሃኑ ምንጭ ሰፊ ከሆነም ድብዘዛው ይብሳል። በመሆኑም የራጅ ምስል እንዲጠራ የጨረሩ መነሻ ነጥብ ጠባብ መሆን፣ የሚነሳው አካልም ለፊልሙ መቅረብና ሳይንቀሳቀስ መቆየት ይኖርበታል።

ሮንትገን ይህን በመገንዘብ እ.ኤ.አ. በማርች 1896 ባወጡት ሁለተኛ ጽሑፋቸው ላይ የተሻሻለ ቱቦ አሠራር አመልክተዋል። የቱቦው አንደኛው ጫፍ እንደ ሳህን ጎድጎድ ያለ የአሉሚኒየም መስተዋት ሆኖ፣ በትይዩው በ45 ዲግሪ ያዘነበለ የፕላቲነም ቅጠል እንዲቀመጥ የሚያደርገው ይህ አሠራር ጨረሩ ከአንድ ጠባብ ነጥብ እንዲመነጭ ያስችላል። ዛሬ በማናቸውም የራጅ መሣሪያ መግለጫ ላይ በሚሊ ሜትር ተለክቶ የሚጻፈው የጨረር መነሻ ነጥብ ስፋት የዚህ አስተሳሰብ ቅጥያ ነው።

የጥርስ ሕክምና አዲሱን ጨረር ለመጠቀም የፈጀበት ጊዜ እጅግ አጭር ነበር። ጽሑፉ ከቀረበ ከሁለት ሳምንታት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1896፣ ኦቶ ቫልክሆፍ የተባለ የብራውንሽቫይግ ከተማ የጥርስ ሐኪም በጥቁር ወረቀትና በጎማ የተጠቀለለ የመስታወት ሰሌዳ በአፉ ይዞ፣ ለ25 ደቂቃ ሳይንቀሳቀስ በመቆየት የራሱን ጥርሶች ራጅ አነሳ። የምስሉ ጥራት ዝቅተኛ ቢሆንም በድድና በአጥንት የተሸፈነን የጥርስ ክፍል ሳይነቅሉ ማየት እንደሚቻል አሳይቷል።

የጨረሩ ጉዳት በዚያን ጊዜ አልታወቀም ነበር። በአሜሪካ በኒው ኦርሊንስ ከተማ የጥርስ ራጅን ካስፋፉት ፈር ቀዳጆች አንዱ የሆነው ኤድመንድ ኬልስ በጨረሩ ምክንያት በመጀመሪያ ጣቶቹን፣ በኋላም ክንዱን አጥቷል። ሮንትገን በአንጻሩ ለሙከራቸው ካሠሩት ከዚንክና ከእርሳስ ከተበጀ ክፍል ውስጥ ሆነው ይሠሩ ስለነበር ይኸው ከጉዳት እንደጠበቃቸው ይታመናል። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት የራጅን ጥራት ከታካሚው ደኅንነት ነጥሎ ማየት እንደማይቻል ነው። ያልጠራ ምስል መልሶ መነሳትን ያስከትላል፤ መልሶ መነሳት ደግሞ ታካሚው ያለ ጥቅም ተጨማሪ ጨረር እንዲቀበል ያደርጋል።

ሮንትገን ከግኝታቸው የግል ጥቅም ለማግኘት አልፈለጉም። ጨረሩ የሰው ልጅ ሁሉ ሀብት ሊሆን ይገባዋል ብለው በማመናቸው የፈጠራ ባለቤትነት መብት አላስመዘገቡም። እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያው የኖቤል የፊዚክስ ሽልማት ሲሰጣቸው የሽልማቱን ገንዘብ ለቩርዝቡርግ ዩኒቨርሲቲ አበረከቱ። የመሳፍንት ማዕረግ እንዲይዙ የቀረበላቸውንም ግብዣ አልተቀበሉም። ጨረሩ በስማቸው እንዲጠራ የቀረበው ሐሳብ በጀርመንና በሌሎች አገሮች ተቀባይነት ቢያገኝም፣ እሳቸው ግን ኤክስ የሚለውን ስያሜ መጠቀም አላቋረጡም።

እ.ኤ.አ. በ1900 ወደ ሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ተዛውረው ለሁለት አሥርታት ያህል አገልግለዋል። የመጨረሻ ዘመናቸው ግን የተደላደለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1919 ባለቤታቸው በሞት ተለዩዋቸው። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በጀርመን የተከሰተው የዋጋ ንረትም የነበራቸውን ጥሪት አሟጠጠው። በስማቸው የፈጠራ መብት ቢያስመዘግቡ ኖሮ ባለጸጋ ሊሆኑ ይችሉ የነበሩት ሊቅ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1923 በአንጀት ካንሰር ምክንያት በ77 ዓመታቸው በሙኒክ አረፉ። አጽማቸውም በጊሰን ከተማ በቤተሰባቸው መቃብር እንዲያርፍ ተደርጓል።

ሮንትገን ካረፉ በኋላ የጥርስ ራጅ አንድ ትልቅ እመርታ አሳይቷል። የመንጋጋ ቅርጽ እንደ ፈረስ ኮቴ ብረት የጎበጠ በመሆኑ ሁሉንም ጥርሶች በአንድ ጠፍጣፋ ፊልም ላይ ማንሳት አስቸጋሪ ነበር። በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ጃፓናዊው ሂሳትሱጉ ኑማታ፣ በ1940ዎቹ መገባደጃ ደግሞ የፊንላንዱ የሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ዩርዮ ፓቴሮ ለዚህ ችግር መፍትሔ አፈላለጉ። የፓቴሮ ዘዴ የጨረሩን ምንጭና ፊልሙን በታካሚው ጭንቅላት ዙሪያ በአንድነት በማሽከርከር በጠባብ ቀዳዳ የሚያልፈው ጨረር መንጋጋውን ከዳር እስከ ዳር እንዲያነሳ የሚያደርግ ነው። በዚህ ዘዴ የተሠሩ መሣሪያዎች በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ለገበያ ቀርበው በዓለም ተሠራጭተዋል።

ይሁን እንጂ ሮንትገን የገለጡት የጥላ ሕግ በዚህም መሣሪያ ላይ አልተሻረም። ፓኖራሚክ ራጅ ሲነሳ ፊልሙ ከአፍ ውጭ ስለሚሆን ምስሉ ከትክክለኛው መጠን በአብዛኛው ከ20 እስከ 30 በመቶ ይተልቃል። ምንጩና ፊልሙ የሚንቀሳቀሱ በመሆናቸውም ጠርቶ የሚታየው በአንድ የተወሰነ ጎባጣ ቀጣና ውስጥ ያለ አካል ብቻ ነው። ከዚህ ቀጣና ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ የወጣ ጥርስ ይደበዝዛል። ቀጣናው በፊት ጥርሶች በኩል ጠባብ በመሆኑ የጥቂት ሚሊ ሜትር መዛነፍ እንኳ ለውጥ ያመጣል።

የምስሉን የመለየት አቅም ወይም ሪዞሉሽን ለመመዘን የተለመደው መንገድ በቀጭን የእርሳስ ቅጠል ላይ እየጠበቡ የሚሄዱ መስመሮች የተቀረጹበትን መለኪያ መጠቀም ነው። አንድ መስመርና ከጎኑ ያለው ክፍተት አንድ ጥንድ ይባላሉ። መለኪያው በራጅ ሲነሳ በ1 ሚሊ ሜትር ውስጥ ስንት ጥንድ ሳይዋሐድ ተለይቶ እንደታየ ይቆጠራል። በአፍ ውስጥ የሚቀመጥ የጥርስ ፊልም 20 እና ከዚያም በላይ ጥንዶችን ሊለይ ሲችል፣ ፓኖራሚክ ራጅ በአብዛኛው 5 ገደማ ላይ ይወሰናል። በመሆኑም በሁለት ጥርሶች መካከል የጀመረ ጥቃቅን የመቦርቦር ምልክት በፓኖራሚክ ምስል ላይ አልታየም ማለት ጥርሱ ጤነኛ ነው ማለት አይደለም። ፓኖራሚክ ምስል ይበልጥ የሚጠቅመው የመንጋጋ ስብራትን፣ ያልበቀለ ጥርስን፣ በአጥንት ውስጥ ያለ እብጠትንና የመንጋጋውን አጠቃላይ ሁኔታ ለማየት ነው።

ዲጂታል መሣሪያዎች ከመጡ ወዲህ በሻጮች መግለጫ ላይ የምስል ነጥቦች ወይም ፒክሰሎች ብዛት ጎልቶ ይጻፋል። የአንድ ነጥብ ስፋት 0.1 ሚሊ ሜትር ከሆነ አንድን ጥንድ ለማሳየት ቢያንስ ሁለት ነጥቦች ስለሚያስፈልጉ የመሣሪያው የአቅም ጣሪያ በ1 ሚሊ ሜትር 5 ጥንድ ይሆናል። ይህ ግን ጣሪያው እንጂ በተግባር የሚገኘው ውጤት አይደለም። የጨረሩ መነሻ ነጥብ ሰፊ ከሆነ፣ የመሣሪያው ክንድ ሲዞር ከተንቀጠቀጠ ወይም ታካሚው ከተንቀሳቀሰ የነጥቦቹ መብዛት የደበዘዘውን ምስል መልሶ አያጠራውም። ብርሃን በበዛበት ክፍል ወይም ጥራቱ በወረደ መስኮት ላይ የሚታይ ጥሩ ምስልም የያዘውን ሁሉ አያሳይም።

ስለዚህ ትክክለኛ ምዘና የሚካሄደው መሣሪያው በሚሠራበት ክፍል ውስጥ ነው። የእርሳስ መለኪያው በመንጋጋ አምሳያ ላይ በፊት ጥርሶች፣ በጎንና በኋላ መንጋጋዎች ሥፍራ በየተራ ይቀመጣል። መስመሮቹ አንድ ጊዜ በቁም፣ አንድ ጊዜ በአግድም ሆነው ይነሳሉ፤ ምክንያቱም የመሣሪያው ዙረት ምስሉን በአንደኛው አቅጣጫ ይበልጥ ሊያደበዝዘው ስለሚችል ነው። ከዚያም መለኪያው ከጥራት ቀጣናው በጥቂት ሚሊ ሜትር እንዲርቅ ተደርጎ ድብዘዛው የሚጀምርበት ወሰን ይታወቃል። ምስሎቹን ከአንድ በላይ ባለሙያዎች በየግላቸው አይተው ቁጥሩን ይመዘግባሉ። በርክክብ ጊዜ የተገኘው ውጤት ተጠብቆ በየጊዜው ከሚደረገው ፍተሻ ጋር ሲነጻጸር መሣሪያው አቅሙ መድከም አለመድከሙ ይገለጣል። በኢትዮጵያም በ1986 ዓ.ም. ብሔራዊ የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣንን ያቋቋመው አዋጅ የጨረር መሣሪያዎች በቁጥጥር ሥር እንዲውሉ ሕጋዊ መሠረት ጥሏል።

ከመሣሪያው ባልተናነሰ የባለሙያው ጥንቃቄም ውጤቱን ይወስናል። ታካሚው ጆሮ ጌጡን፣ የአንገት ሐብሉን፣ የፀጉር መርፌውንና በአንገቱ ያሰረውን የብረት መስቀል ካላወለቀ የእነዚህ ጥላ በተቃራኒው የመንጋጋ ጎን ላይ አርፎ በሽታ ሊመስል ይችላል። አንገቱን ካቀረቀረ የአከርካሪው ጥላ የፊት ጥርሶቹን ይሸፍናል። ምላሱን ወደ ላንቃው ካላስጠጋ ደግሞ በላይኛው ጥርስ ሥሮች ላይ ጥቁር መስመር ይታያል። እነዚህን ለማስተካከል ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። ገንዘብም አይጠይቁም።

ከአርብ ገበያ የተነሳው ታካሚ የመኪና ኪራይ ከፍሎ፣ የግብርና ሥራውን አቋርጦና በማያውቀው ከተማ አድሮ ራጅ ሲነሳ ምስሉ የደበዘዘ ከሆነ የሚደርስበት ጉዳት በአንድ ፊልም ዋጋ ብቻ የሚተመን አይደለም። ተመልሶ እንዲመጣ ቢነገረው ላይመለስ ይችላል። ሐኪሙ በደበዘዘው ምስል ከወሰነም ጤነኛ ጥርስ ሊነቀል፣ የታመመው ሊቀር ይችላል። የመሣሪያ ግዥ የሚያጸድቅ ኃላፊ፣ ርክክብ የሚፈርም ባለሙያና የጥገና በጀት የሚይዝ ሠራተኛ ሁሉ በዚህ ምስል ላይ ድርሻ አላቸው።

ሮንትገን ታላቁን ግኝት በእጃቸው ይዘው ሰባት ሳምንታት በዝምታ ሲፈትኑ የቆዩት ዝናን ስላልፈለጉ ብቻ አልነበረም። ያዩት ነገር እውነት መሆኑን ለራሳቸው ሳያረጋግጡ ለሌላው ማሳየት ተገቢ አይደለም ብለው ስላመኑ ነው። ከ1888 ዓ.ም. ወዲህ መሣሪያው ከመስታወት ሰሌዳ ወደ ፊልም፣ ከፊልም ወደ ዲጂታል ተለውጧል። ምስሉን ከማመን በፊት መፈተን እንደሚገባ ያሳዩት የሥራ ልማድ ግን ዛሬም ለጤና ተቋማት የሚበጅ ቅርስ ሆኖ ይኖራል።